ቃል አጣቢው

በሙያዬ ዕቃ አጣቢ ነኝ። ይህን አስቀድሜ የምናገረው እንድታዝኑልኝ ብዬ ሳይሆን፣ በኋላ የሠራሁት ጥፋት ከየት እንደመጣ እንድትረዱልኝ ነው። ዕቃ አጣቢ ሳህንን እንደመጣለት አይመልስም። ፍርፋሪውን ይጠርጋል፣ ቅባቱን ያስለቅቃል፣ ያደርቃል፣ ከዚያ ነው የሚያሳልፈው። በአንድ ካዚኖ ወጥ ቤት ውስጥ ሦስት ዓመት ይህን ሳደርግ እጄ ለመደው። ክፋቱ፣ እጅ የለመደውን አፍ ሳይነግሩት ይማራል።

ማርች ላይ የኮሮና ወረርሽኝ ሲመጣ ካዚኖው ተዘጋ። ሌት ተቀን ክፍት ስለነበር ለበሩ መቆለፊያ አልተሠራለትም ነበር፤ ሁለት ሰዎች በሰንሰለት ሲያስሩት ቆሜ አየሁ። እኔም ወደ ክፍሌ ገባሁ። ክፍሌ ሰሜን ላስ ቬጋስ፣ የሜክሲኮ ተወላጅ የሆነ ቤተሰብ ግቢ ውስጥ፣ ከዋናው ቤት ጀርባ ነች። የቤቱ ባለቤት ማሪሴላ ትባላለች። ኤፔክስ አካባቢ ካሉት መጋዘኖች በአንዱ ዕቃ ትጭናለች፤ ሳይነጋ ትወጣለች፣ ኦቨርታይም ካለ ደግሞ ልጇ ስትተኛ ትደርሳለች። ልጇ ዴዚ ስምንት ዓመቷ ነው። ትምህርት ቤት ሲዘጋ ልጅቷን የሚይዝ ጠፋና፣ የማሪሴላ እናት ዶኛ ሶኮሮ ከፍሬስኖ፣ ከወንድ ልጃቸው ቤት መጡ። ዶኛ ማለት በእኛ እትዬ እንደማለት ነው።

እንግዲህ ችግሩ ይህ ነው። ዶኛ ሶኮሮ ሠላሳ ዓመት ካሊፎርኒያ ወይን ሲለቅሙ እንግሊዝኛ የሚባል ነገር አላስፈለጋቸውም፤ ወይኑም አለቃውም ስፓኒሽ ይሰሙ ነበር። ማሪሴላ ደግሞ ሕፃን ሳለች በእንግሊዝኛዋ ተስቆባት ስለነበር፣ ልጅ ብወልድ ይህ አይደርስባትም ብላ ማለች፤ መሐላዋንም ጠበቀች፤ ዴዚ ከእንግሊዝኛ ሌላ አታውቅም። ስለዚህ አያትና የልጅ ልጅ በአንድ ጣሪያ ሥር በእጅ ምልክት ይነጋገሩ ጀመር። ብይ፣ ታጠቢ፣ ተኚ። ለእነዚህ ሦስቱ እጅ ይበቃል። ከዚያ ያለፈው ነው ምላስ የሚፈልገው።

ኦገስት ላይ ትምህርት በታብሌት ሊጀመር ሲል ማሪሴላ ክፍሌን አንኳኳች።

«ስፓኒሽ ትችላለህ አይደል?»

«ከወጥ ቤት የለቀምኩት ነው» አልኳት።

እውነቴን ነው። በመጀመሪያው ዓመት የማውቀው «ቶሎ በል»፣ «ትኩስ ይዣለሁ ዞር በል» እና «ይህን ማን ነው አጠብኩ ያለው» ብቻ ነበር። በሦስተኛው ዓመት ሐሜቱ ገባኝ። ሐሜት የገባው ሰው ቋንቋውን ችሏል ማለት ነው። አስተማሪ አልነበረኝም፤ የነበረኝ ደብተር ነው። ገጹን በማስመሪያ ለሦስት እከፍለዋለሁ፤ በመጀመሪያው ዓምድ የተባለውን፣ በሁለተኛው ትርጉሙን፣ በሦስተኛው እኔ ያልኩትን እጽፋለሁ። ራሱን በራሱ የሚያስተምር ሰው የሚያርመው ስለሌለ ራሱን መሰለል አለበት።

«በቃ፣ ጠዋት ጠዋት ወጥ ቤት ተቀመጥልኝ» አለች ማሪሴላ። «አስተማሪዋ የምትለውን ለእናቴ፣ እናቴ የምትለውን ለዴዚ ንገርልኝ። ሌላ ሥራ የለህም።»

የመጨረሻውን ባትጨምረው ደስ ይለኝ ነበር፤ ግን ሥራ አልነበረኝም።

ከመቀጠሌ በፊት ስለ አያቴ ላንሣ፤ አለዚያ ነገሩ አይገባችሁም። ዘጠኝ ዓመቴ ሳለ አጎቴና አያቴ ተኳርፈው፣ አያቴ «ለምሳ ና በለው» ብሎ ላከኝ። አጎቴ «አልመጣም፣ የራሱ ጉዳይ በለው» አለኝ። ሄጄ አያቴ ፊት ቆምኩና «አልመጣም፣ የራሱ ጉዳይ ብሏል» አልኩ፤ አንድ ቃል ሳልጨምር፣ አንድ ቃል ሳልቀንስ። አያቴ ቀበቶውን ፈታ። «ለአባት እንዲህ ያለ ቃል ተሸክሞ የሚመጣ አፍ ምን ዓይነት አፍ ነው?» አለ። አጎቴን የነካው የለም፤ ማታ ከአያቴ ጋር በአንድ ትሪ ራት በላ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከልጅ ወደ ሽማግሌ የሚሄድ ቃል መታጠብ እንዳለበት አወቅሁ።

ትምህርቱ በተጀመረበት ቀን፣ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት፣ እዚህ ስምንት በሚሉት፣ ዴዚ ከታብሌቷ ፊት ተቀመጠች። ሃያ ሦስት ትንንሽ ፊቶች ተደርድረዋል። ዶኛ ሶኮሮ እጃቸውን በሽርጣቸው እያደረቁ መጡ፤ አውራ ጣታቸውን በሌባ ጣታቸው ላይ አጣመሩ፤ የልጅቷን ግንባር አማተቡ፤ አንድ ነገር አነበነቡና መስቀል የሠራውን የገዛ ጣታቸውን ሳሙ። በእነሱ ወግ ልጅ ከቤት ስትወጣ ያልተባረከች እንደሆነ ሳትለብስ እንደወጣች ይቆጠራል። ዴዚ ደግሞ ይኸው ትምህርት ቤት እየሄደች ነው፤ ትምህርት ቤቱ ጠረጴዛ ላይ መሆኑ የእሳቸው ጥፋት አይደለም።

ከታብሌቱ ውስጥ አንድ ልጅ ሳቀ። ቀጥሎ ሁለት። ዴዚ ድምፁን ዘጋችና ወደ እኔ ዞረች።

«ሁለተኛ እንዳታደርገው በላት። የትምህርት ክፍሌ ውስጥ ገባች እኮ። ሁሉም አዩኝ። ታሳፍረኛለች በላት።»

ዶኛ ሶኮሮ ዓይን ዓይኔን ያያሉ። ቀበቶው ትዝ አለኝ።

«እናቴ» አልኩ በስፓኒሽ፣ «ልጅቷ በጠዋት እየተነሡ አይድከሙብኝ፣ ይረፉልኝ ትላለች።»

«ይህን ሁሉ እሷ አለች?»

«አዎ።»

እኔንም ልጅቷንም አዩ። ከዚያ «ስሞት አርፋለሁ በላት» አሉ። «ፀጉሯንም ታበጥር። ተደባድቦ የተሸነፈ መወልወያ ትመስላለች።»

ልጅ ትምህርት ከመጀመሯ በፊት እንዲህ ያለ ነገር አይነገራትም። «አያትሽ ፀጉርሽ ዛሬ ያምራል ይላሉ» አልኳት።

ዴዚ ደስ አላት። በጣም ደስ ስላላት አንድ ሳምንት ሙሉ አላበጠረችም። ዓርብ ዕለት አስተማሪዋ በጨዋ ድምፅ «ዴዚ፣ ዛሬ ፀጉርሽ ላይ ምን ደርሶ ነው?» ብትላት፣ «አያቴ ያምራል ብላለች» አለች። ዶኛ ሶኮሮ ከምድጃው ዞር ብለው «ምን አለች?» ሲሉኝ፣ «ስለ እርስዎ በጎ እየተናገረች ነው» አልኳቸው። ይኼኛውማ ውሸት አልነበረም።

ነገሩ እዚህ ላይ ቢቆም ወግ አይሆንም ነበር። ቀጥሎ የዶሮ እግር መጣ። ዶኛ ሶኮሮ ሾርባ ሲሠሩ የዶሮዋን እግር ከነጥፍሩ ይጨምሩበታል፤ ለልጅ አጥንት ጥሩ ነው ብለው እሱን ለዴዚ ነው የሚያወጡት። ዴዚ አየችውና «የጠንቋይ እጅ ነው፣ ሊይዘኝ ነው፣ አልበላም በላት» አለች። በልቤ ተስማማሁ። እኛ አገር ዶሮ አሥራ ሁለት ብልት ናት፤ ከአሥራ ሁለቱ ውስጥ ጥፍር ያለው የለም። ግን እንዴት ብዬ ልበል? «እጅዎ ይባረክ፣ ጠግቤያለሁ፣ ሲደክሙ ከማይ ይረፉልኝ ትላለች» አልኩ። እጅሽ ይባረክ የተባለች ባለሙያ ምን ታደርጋለች? በሚቀጥለው ጊዜ ሁለት እግር አወጡላት። ዴዚ ደግሞ አያቷ ዞር ሲሉ ሁለቱንም ወደ እኔ ሳህን ማሻገር ጀመረች። ረቡዕ ሲሆን እጾማለሁ፤ የሽማግሌ ምግብ መመለስም አልችልም። ስለዚህ ረቡዕ ረቡዕ ሁለት የዶሮ እግር በጃኬቴ ኪስ ይዤ ከወጥ ቤት እወጣ ነበር። የጎረቤት ውሻ ያን ሰሞን ከእኔ የሚበልጥ ወዳጅ አልነበረውም።

እኔ ግን ሥራዬን በደንብ የሠራሁ መስሎኝ ነበር። ቤቱ ውስጥ የሚጮህ የለም፣ የሚያለቅስ የለም። ዴዚ ወደ አያቷ የምትወረውረው ሁሉ በእኔ በኩል ሲያልፍ አበባ ሆኖ ይደርሳል፤ የአያቷም እንደዚያው። ሁሉንም ማታ ማታ በደብተሬ እጽፋለሁ። ሦስተኛው ዓምድ ከመጀመሪያው እየራቀ መሄዱን አይቻለሁ፤ ስፓኒሼ እየበሰለ ነው ብዬ አለፍኩት።

ኖቬምበር ላይ ዶኛ ሶኮሮ ጠዋት ጠዋት ወጥ ቤት መምጣት ተዉ። ቁርሱን ሠርተው ከድነው ክፍላቸው ይገባሉ። ግንባር ማማተቡም ቀረ። ዴዚ የመጀመሪያ ቀን ደስ አላት። በሦስተኛው ቀን የታብሌቱን ድምፅ ዘግታ በሩን ታይ ጀመር።

«ተቆጥታኛለች?» አለችኝ።

«እያረፉ ነው» አልኳት።

ሐሙስ ማታ ማሪሴላ መጣች። ሳታንኳኳ ነው የገባችው።

«እናቴን ምን ስትላት ነው የከረምከው?»

«ምንም ክፉ ነገር አልተናገርኩም።»

«ሻንጣዋን አዘጋጅታለች። ወንድሜ ቅዳሜ ከፍሬስኖ መጥቶ ይወስዳታል። ልጅቷ እረፊ ብላኛለች፣ በቃኝ ትላለች።»

«እረፊ ማለት አክብሮት ነው» አልኩ። «እኛ ዘንድ ለትልቅ ሰው—»

«እኛ ዘንድ ደግሞ ምን እንደሆነ ልንገርህ» አለች፤ በሩ ላይ ተደግፋ፤ የሥራ ጓንቷን እንኳ አላወለቀችም። «ወይን ለቀማ ላይ አለቃው መጥቶ ‹አሮጊት፣ ነገ እረፊ› ካለ፣ ከነገ ወዲያም አትምጪ ማለቱ ነው። እናቴ ይህን ሦስት ጊዜ ተብላለች። አራተኛው ከልጄ አፍ መጣ።»

እሷ ከሄደች በኋላ ደብተሬን ገልጬ ቆጠርኩ። «ይረፉ» የሚለውን ቃል አሥራ አራት ጊዜ ብያለሁ። ልጅቷ አንድም ጊዜ አላለችም።

ከዚህ በፊት በሕይወቴ ሳህን ሰብሬ አውቃለሁ፤ አሥራ ሁለት የወይን ብርጭቆም በአንድ ጊዜ ጥዬ አውቃለሁ። የዚያን ማታ ያህል ግን አፍሬ አላውቅም። ሰው የሰበረውን ይጠርጋል፤ አጥቦ ያጠፋውን ግን በምን ይመልሳል? በምንም፣ እንዳልል ደብተሩ እጄ ላይ ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት ሦስቱን ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ እንዲሰበሰቡልኝ ለመንኩ። ሻንጣው በሩ ሥር ቆሟል። ዶኛ ሶኮሮ ኮታቸውን ለብሰዋል። ዴዚ ሻንጣውን እንጂ ሰው አታይም። ማሪሴላ እጇን አጣጥፋ ከጎኔ ተቀመጠች፤ ሁለቱንም ቋንቋ ስለምታውቅ ማጠቢያ ቦታ አልነበረኝም።

«እኔ የነገርኳችሁ እናንተ ያላችሁትን አይደለም» አልኩ በስፓኒሽ፣ ደገምኩት በእንግሊዝኛ። «ያላችሁት እዚህ ተጽፏል። ላንብብ።»

ከመጀመሪያው ቀን ጀመርኩ። «ዴዚ፦ ሁለተኛ እንዳታደርገው በላት። ታሳፍረኛለች።» ለዶኛ ሶኮሮ እንዳለ አስተላለፍኩት። ፊታቸው አልተለወጠም። «ዶኛ ሶኮሮ፦ ተደባድቦ የተሸነፈ መወልወያ ትመስላለች።» ለዴዚ እንዳለ አስተላለፍኩት። ዴዚ እጇን ወደ ፀጉሯ ሰደደች።

«ያምራል ብላ ነበር» አለች።

«ያልኩት እኔ ነኝ።»

«ታዲያ አንድ ሳምንት ሙሉ?»

«አንድ ሳምንት ሙሉ።»

ገጹን ገለበጥኩ። እያንዳንዱን መስመር ሳነብ ቀበቶው ይመጣል ብዬ እጠብቃለሁ። የዶሮው እግር ላይ ስደርስ ዶኛ ሶኮሮ እጃቸውን አነሡ።

«የጠንቋይ እጅ ነው አለች?»

«አዎ እናቴ። ሊይዘኝ ነው፣ አልበላም ብላለች።»

«ታዲያ ማን ነው የበላው?»

ዴዚ በጣቷ ወደ ጃኬቴ ኪስ ጠቆመች። ለዚህ አስተርጓሚ አላስፈለገም።

ዶኛ ሶኮሮ ወደ ማሪሴላ ዞሩ። «አንቺም በእሷ ዕድሜ የሰይጣን እግር ነው ብለሽ በመስኮት አውጥተሽ ጥለሽዋል» አሉ። ሳቅ የመሰለ ነገር በአፍንጫቸው ወጣ። ከዚያ ለእኔ፦ «ቀጥል። እረፊ ያለችው የት ጋ ነው?»

«የለም» አልኩ። «አንድም ቦታ የለም። እረፊ ያልኩዎት እኔ ነኝ።»

ደብተሩን ከእጄ ወሰዱት። ስፓኒሹን በጣታቸው እየተከተሉ ቀስ ብለው አነበቡ፤ የፊደል ግድፈቴ ላይ ሲደርሱ ቆም ይላሉ። ሲጨርሱ ዘጉትና ለልጅቷ፣ ዓይኗን እያዩ መናገር ጀመሩ፤ እኔም ተከትዬ አስተረጎምኩ።

«እናትሽ ትምህርት ቤት ስትሄድ እኔ በሯ ላይ ቆሜ አላውቅም። ወይን የሚለቀመው ፀሐይ ሳትወጣ ነው። በጨለማ ተነሥቼ፣ ተኝታ ሳለች ግንባሯን አማትቤ እወጣ ነበር። ነቅታ የሸኘኋት ቀን የለም። አንቺ የመጀመሪያዬ ነሽ። በሩን አላገኘሁትም፤ ስለዚህ እዚያ የታብሌቱ መስታወት ፊት አደረግሁት።»

ምንም አልጨመርኩም። እንግሊዝኛው ከስፓኒሹ አጠረ። ከደብተር ሳይሆን ከአፍ ተቀብዬ፣ ሳላጥብ ያሳለፍኩት የመጀመሪያው ሳህን ነው።

ማሪሴላ እጇን ፈታች። «አላውቅም ነበር» አለች ለእናቷ። «ማማተብሽን አላውቅም ነበር።»

«ተኝተሽ ምን ታውቂያለሽ።»

ዴዚ ጥቂት አሰበች። ከዚያ በተሰበረ ስፓኒሽ፣ ከአያቷ አፍ በለቀመችው፣ ሻንጣውን እያሳየች «አይ» አለች። «አያት፣ አይ።» የቀረው እንግሊዝኛ ነበር፤ እኔ አፌን ስከፍት ዶኛ ሶኮሮ መዳፋቸውን ወደ እኔ ዘርግተው አስቆሙኝ። ልጅቷ ተነሥታ የትምህርት ቤት ቦርሳዋን አነገተች። የፊት ለፊቱን በር ከፈተች። ደፉ ላይ ቆማ ግንባሯን አቀረበችና ጠበቀች።

ከዚያ የሆነውን አልዘረዝርም። ዶኛ ሶኮሮ ባረኳት። ዴዚ ወጣች፣ በሩ ተዘጋ፤ የእግሯ ኮቴ በቤቱ ጎን፣ በእኔ መስኮት ሥር ዞሮ ሲመጣ ሰማነው፤ በወጥ ቤቱ በር ገባችና «መጣሁ» አለች። ታብሌቱ ፊት ተቀመጠች። ቅዳሜ መሆኑን ማንም አልነገራትም።

አጎቷ ከቀትር በኋላ ከፍሬስኖ ደረሰ። ስድስት ሰዓት ነድቶ መጥቶ ሻንጣው ተፈትቶ ቢያገኘው ምን እንደሚል ፈርቼ ነበር። ሾርባ አቀረቡለት፤ የዶሮውን እግር እስከ ጥፍሩ በላው፤ አንድ ድስት ይዞ ብቻውን ተመለሰ።

ከዚያ ወዲያ ጠዋት ጠዋት አልጋዬ ላይ ሆኜ የዴዚን ኮቴ እሰማ ነበር። ከፊት በር ወጥ ቤት በር ድረስ ስልሳ አራት እርምጃ ነው፤ ዝናብ ካለ፣ ቬጋስ ውስጥ ያውም ሁለት ቀን ነው፣ ስልሳ። እኔ እየተፈለግሁ አልነበረም። ሁለቱ በግማሽ ስፓኒሽ በግማሽ እንግሊዝኛ መጨቃጨቅ ጀምረው ነበር፣ ቀኑን ሙሉ፣ ስለ ማበጠሪያ፣ ስለ ሾርባ፣ ስለ ድምፅ። እኔ የጠበቅሁት ሰላም ድራሹ ጠፋ። ቤቱ ግን ሞቀ።

በሚቀጥለው ዓመት ትምህርት ቤቱ ሲከፈት፣ ዴዚ በመጀመሪያው ቀን ተባርካ ወጣችና በልማድ ቤቱን ዞራ ወጥ ቤት ገባች። አውቶቡሱ ሊያመልጣት ለጥቂት ነበር።

እኔንም ካዚኖው ጠራኝ። የጠዋት ሺፍት። የመጀመሪያ ቀን ማስኬን አድርጌ በግቢው በር ልወጣ ስል ዶኛ ሶኮሮና ዴዚ ደጃፉ ላይ ቆመዋል። ዶኛ ሶኮሮ ወደ እኔ እያዩ በፍጥነት አንድ ነገር ተናገሩ። ያን ሁሉ ወር ከልጅ ጋር ሲጨቃጨቁ ምላሳቸው ፈጥኖ ነው መሰለኝ፣ ግማሹ አመለጠኝ።

«ምን አሉ?» አልኩ።

«ውሸታም ነህ ትላለች» አለች ዴዚ። «ሳህን ግን በደንብ ታጥባለህ ይባላል ትላለች። ረጅም ነህ፣ ትከሻዋን ያማታል፣ ጎንበስ በል ትላለች።»

«በእውነት እንደዚያ ነው ያሉት?»

ዴዚ ቅር አላት።

«እኔ አልጨምርም» አለች።

ጎንበስ አልኩ።